በሽምግልና የታሰረው መብራት

አዳማ ውስጥ ጉም የለም። አቧራ አለ፣ ንፋስ አለ፣ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠን ሰው እንደ ዳቦ የሚያበስል ሙቀት አለ። ጉም ግን የለም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ትልልቅ ሰዎች በእኛ ግቢ አሮጌ ኮሮላ ከብበው የጉም መብራት ሲያስሩ ያየ ጎረቤት ሁሉ በአጥር ላይ አንገቱን ቢያሰግግ አይፈረድበትም። ከውስጥ ሆኜ እኔም አሰግግ ነበር። መብራቱ የሚታሰረው እኔ ሚስት እንዳገባ ነው።

መብራትና ሚስት ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ቀን ቀን አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ሲመሽ የራሴን ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀኝ ለሁሉም አወራለሁ። ሌንሴን ያወቅኋት አንድ የግጥም ምሽት ላይ ነው። አዳማ ፋርማሲ ትማራለች፤ ቤተሰቦቿ ያሉት ኢተያ ነው፤ ከደራ አልፎ ዳገቱን ሲወጡ፣ የስንዴው አገር ላይ። ከተዋደድን በኋላ «ሽማግሌ ላክ» አለችኝ፤ አስከትላም ሕጉን ነገረችኝ።

«አባቴ ግርግር አይወድም። ሽማግሌ ሲመጣ በማለዳ፣ ሰው ሳይነሳ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይምጣ። ጎረቤት ከእሱ ቀድሞ ካወቀ ነገሩ አበቃ።»

«ቢያበቃስ? አንቺ አለሽ አይደል?»

«አለሁ። አባቴን ረግጬ ግን አልመጣም። ይህን ካሁኑ እወቅ።»

አወቅሁ። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንድ ማለዳ ላይ ተንጠለጠለ። ማለዳው ደግሞ የሐምሌ ማለዳ ነው፤ በሐምሌ ከደራ በላይ ያለው መንገድ በጉም ይሸፈናል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አለቃቸው የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ መኮንን ናቸው፤ ከግብርና ቢሮ ኃላፊነት በጡረታ ወጥተዋል፣ ከኃላፊነቱ ግን አልወጡም። መኪናው የእሳቸው ነው። ሁለተኛው በጦር ሠራዊት ውስጥ ሬዲዮ ይሠሩ የነበሩት ሻምበል አበራ ናቸው። ሦስተኛው የድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መሪ አይጨብጡም። የጋሼ ዓይን ደክሟል፤ ሻምበል ከሬዲዮ በቀር ምንም ነድተው አያውቁም። በዚህ ምክንያት ሾፌሩ እኔ ሆንኩ። አግቢው የራሱን ሽማግሌዎች ማመላለሱ ነውር ስለሆነ ደግሞ እዚያ ስንደርስ መሪው ሥር ጎንበስ ብዬ እንድደበቅ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

«ጋራዥ ወስደን እናሳስረው» ብዬ ነበር።

«ጋራዥ!» አሉ ጋሼ። «ለምን ፎግላይት አስፈለገህ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልለው ነው? ነገር ሳይጠና ይወራል? ደግሞ ሁለት መብራት ለማሰር ነው ጋራዥ የምሄደው?»

ዕቃው በካርቶን ሆኖ መጣ። ነጭም ቢጫም የሚያበሩ ሁለት ክብ መብራቶች፣ ጥቅል ሽቦ፣ ማብሪያ፣ ሪሌ የሚሉት ትንሽ ጥቁር ሳጥን እና መመሪያ ወረቀት ነበረው። ሻጩ የድሮውን የሚያስንቅ፣ የተሻሻለ ነው ብሏል። ጋሼ ከካርቶኑ መጀመሪያ ያወጡት ወረቀቱን ነው፤ አውጥተውም የሞተሩን ዘይት መለኪያ ጠረጉበት።

«ጋሼ፣ መመሪያው እኮ ነው!»

«የቻይና ወረቀት ነው።»

«በጀርባው ሥዕል አለው።»

«ብሩኬ፣ ይህን መኪና አንተ ሳትወለድ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሥዕል ምን ይነግረኛል?»

መብራቶቹን ከፊት ለፊት በብሎን ማሰሩ ቶሎ አለቀ። ጣጣው የመጣው ኤሌክትሪኩ ከየት ይወሰድ ሲባል ነው።

«ከባትሪው። ቀጥታ» አሉ ጋሼ።

«ከፍሬቻው ነው የሚወሰደው» አሉ ሻምበል። «ጉም ውስጥ የሚታየው ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ነው። ይህ የሲግናል ሕግ ነው።»

ኦቦ ቱፋ ሳቁ። «ሻምበል፣ አንተ ሬዲዮ ነው የምታውቀው። እኔ ሻሸመኔ ጭነት ስመላለስ ሁልጊዜ ከክላክሱ ነበር የምናስረው። የክላክስ ሽቦ ወፍራም ነው፤ አይቃጠልም።»

«የዚህ መኪና ክላክስ እኮ ከሞተ ቆይቷል» አልኩ እኔ።

እውነቴን ነው። ጋሼ መንገድ ማስለቀቅ ሲፈልጉ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው በሩን በጥፊ ይመቱታል፤ በሩ እዚያ ቦታ ላይ ጎድጉዷል።

«ክላክሱ ቢሞት ሽቦው ሞተ?» አሉ ኦቦ ቱፋ።

ክርክሩ ጋለ። ጋሼ የመኪናው ባለቤት መሆናቸውን አስታወሱ። ሻምበል «ካልሰማችሁኝ ለምን ጠራችሁኝ?» ብለው ወደ በሩ አመሩ። ኦቦ ቱፋ «ይሂድ፤ ሽቦ ሳያውቅ የሚቆጣ ሰው» አሉ። ነገ ማለዳ በአንድ አፍ ልጅ የሚለምኑልኝ ሰዎች ናቸው። እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«እናንተ አታፍሩም? እርስ በርስ ካልታረቃችሁ ነገ ሰው ቤት ገብታችሁ ምን ልትሉ ነው?»

ይህን ስትል ሦስቱም ደነገጡ። ሻምበል ከበሩ ተመለሱ። በርጩማ ወጣ፤ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ እዚያው ወደ ሙያቸው ገቡ። የሙያቸው ስም ማስታረቅ ነው። የተጣሉ ባልና ሚስት፣ የድንበር ጠበኞች፣ የዕቁብ ተካሳሾች በእነዚህ ሰዎች እጅ አልፈዋል። ሁሉም ትንሽ አግኝቶ፣ ሁሉም ትንሽ አጥቶ፣ ማንም ሳያፍር ወደ ቤቱ ይገባል።

«ሻምበልም ይከበር» አሉ ኦቦ ቱፋ በመጨረሻ።

«ቱፋም ልምድ አለው፤ እሱም አይናቅ» አሉ ሻምበል።

«እንግዲያው» አሉ ጋሼ «ከሦስቱም ይወሰድ።»

ከሦስቱም ተወሰደ። ከባትሪው አንድ ሽቦ፣ ከክላክሱ አንድ ሽቦ፣ ከፍሬቻው አንድ ሽቦ መጣና አንድ ላይ ተጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር ተጠቀለለ። ቋጠሮው የሕፃን ጡጫ ያክላል። ሦስቱ ሰዎች ተነስተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ዕርቁ በጣም ያማረ ስለነበር ኤሌክትሪክ ሽምግልና መቀበሉን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ማብሪያው ሲነካ መብራቱ በራ። የጎረቤት አጥር በጠራራ ፀሐይ ቢጫ ሆነ። አጨበጨብን።

በነጋታው ገና ሳይነጋጋ ተነሳን። እስከ ደራ መንገዱ ጥሩ ነበር፤ ሦስቱም ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው የሚናገሩትን ይከፋፈላሉ። ዳገቱን ስንይዝ ጉሙ መጣ። ጋሼ እጃቸውን እንደ ሚኒስትር አነሱ።

«አሁን አብራው።»

አበራሁት። እውነት ለመናገር ጉሙ በደንብ ታየን። እንዲህ ጥርት ያለ ጉም በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ከጉሙ ወዲያ ያለው መንገድ ነው ያልታየን። ኦቦ ቱፋ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ወደ ግራ... አህያ ነው... አሁን ቀኝ» እያሉ አደረሱን።

ሌንሴ እንደነገረችኝ የአባቷ ቤት አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አለው። ሰፈሩ ፀጥ ብሏል፤ ውሻ እንኳ አልጮኸም። ሁሉም እንደታዘዘው እየሄደ ነው ብዬ ሳስብ የፊት ጎማው በሩ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

ያን ጊዜ ክላክሱ ከሞት ተነሳ።

ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ! ከእያንዳንዱ ጢጥ ጋር መብራቱ ብልጭ ይላል፤ ድርግም ይላል። የባትሪው፣ የክላክሱና የፍሬቻው ሽቦ በአንድ ቋጠሮ ውስጥ ተስማምተው የየድርሻቸውን መሥራት ጀመሩ። ማጥፊያውን ተጫንኩ፤ አልጠፋም። ቁልፉን ነቀልኩ፤ ሞተሩ ጠፋ፣ ጢጡ ቀጠለ። ይህን ድምፅ ከዚህ ብርሃን ጋር የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ሠርግ!

«አጥፋው እንጂ!» አሉ ጋሼ።

«አይጠፋም!»

«እንግዲያው ተደበቅ!»

መሪው ሥር ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ወርደው በሩ ላይ ተሰለፉ። ከጉሙ ውስጥ አንድ እልልታ ተሰማ፤ ከወዲያ ሌላ መለሰለት። በሮች ተንኳኩ። አንዲት ሴት ጮክ ብላ «ነገዎ! ልጅህን ስትድር ለእኛ ሳትነግር?» አለች። ጎረቤታቸው አደ ጫልቱ መሆኗን በኋላ ነው ያወቅሁት።

አረንጓዴው በር ተከፈተ። የሌንሴ አባት ኦቦ ነገዎ ጋቢያቸውን በአንድ ትከሻ አንጠልጥለው ወጡ።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ? ማን ሞተ?»

«አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ» አሉ ጋሼ አጎንብሰው። «የመጣነው...» ጢጥ! «ልጅዎን...» ጢጥ! «ለልጃችን...» ጢጥ!

«አልሰማሁም!»

«ልጅዎን!» ብለው ጋሼ በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ። አደ ጫልቱ እልልታውን አቀለጠችው።

«ይህ ጩኸት ምንድን ነው?» አሉ ኦቦ ነገዎ።

አንድ ሰው «ተበላሽቶብን ነው» ቢል እዚያው ያልቅ ነበር። ግን አንደኛው ኃላፊ፣ አንደኛው የጦር መኮንን፣ አንደኛው የመንገድ አንበሳ ናቸው፤ ማን ይበለው?

«ለክብርዎ ነው» አሉ ጋሼ።

«አዲስ አሠራር ነው» አሉ ሻምበል።

«በአዳማ አሁን እንዲህ ነው» አሉ ኦቦ ቱፋ።

ኦቦ ነገዎ ወደ መኪናው መጥተው በመስኮት አዩኝ። ከመሪው በታች ተጠቅልዬ፣ ጉልበቴ ጆሮዬ ላይ ደርሷል። 

«አንተ ማነህ?»

አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ከኋላቸው «ሾፌር ነው» አሉ።

ዙሪያችን ሰው ሞልቷል። አንዷ ሙሽራዋን ልያት እያለች ነው፤ ሌላዋ ነጠላዋን አስተካክላ ለጭፈራ ወገቧን ታጥቃለች። ኦቦ ነገዎ ግራ አዩ፤ ቀኝ አዩ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እምቢ ቢሉ ሠርግ አስመጥተው ያባረሩ ሊባሉ ነው። ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«እሺ! ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ፣ ብቻ ይህን ነገር አጥፉት!»

ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የአገር ሽማግሌ ዘመኑን ሙሉ ሲመላለስ የሚያገኘውን እሺታ እሳቸው ውስጥ ሳይገቡ አገኙት። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ መሪው ሥር ሆኜ ፈገግ አልኩ።

ሌንሴ የወጣችው ያን ጊዜ ነው። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች፤ በእጇ ማጭድ ይዛለች። ማንንም ሰላም አላለችም።

«ኮፈኑን ክፈት» አለችኝ።

ከፈትኩት። «የትኛው ነው?» አለች።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ጣታቸውን ዘረጉ። ሦስቱ ጣቶች ሦስት ሽቦ ላይ አረፉ። ሌንሴ ሦስቱንም ጣቶች አየች፤ ቋጠሮውን በግራ እጇ ጨበጠችና በማጭዱ ከነሥሩ ቆረጠችው።

ፀጥ አለ። እንዲህ ያለ ፀጥታ ያስፈራል።

ወደ ጎረቤቶቹ ዞረች። «ሠርግ የለም» አለች። «መኪናቸው ተበላሽቶ ነው። ይቅርታ፣ ከእንቅልፋችሁ ቀሰቀስናችሁ። ግቡ።»

እልልታው እንደተንጠለጠለ ቀረ። አደ ጫልቱ እያጉረመረመች ነጠላዋን ፈታች። ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ጉሙ ገባ። «ተበላሽቶ ነው» የምትለው በቀላል አማርኛ የተነገረች አንዲት አረፍተ ነገር ነች፤ አራት ወንዶች ቆመን አንዳችንም አልወጣችልንም።

«አሁን ጫጫታ የለም፣ አባ» አለች። «አሁን መልስላቸው።»

«ሌንሴ!» አልኩ በሹክሹክታ። «እሺ ብለው እኮ ነበር!»

«ለክላክሱ ነው እሺ ያለው። ከክላክስ ጋር ልትኖር ነው?»

ኦቦ ነገዎ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ዝቅ ማለቱ ነው የባሰው።

«እንግዲህ ስሙኝ። ድሃ ነው ብዬ አይደለም። ገጣሚ መሆኑን ልጄ ነግራኛለች፤ ለዚያም አይደለም። ጠየቅኋችሁ። አንዱ ለክብርዎ ነው አለኝ፤ አንዱ አዲስ አሠራር ነው አለኝ፤ አንዱ አዳማ እንዲህ ነው አለኝ። ልጁንም ሾፌር አላችሁኝ። ነገ ልጄ ቤታችሁ ብትታመም ሐኪሙ ምን ሆነች ሲላችሁ ለክብርዎ ነው ልትሉት ነው? ልጄን ለእናንተ አልሰጥም። በሰላም ግቡ።»

በሩ ተዘጋ። ገጭ ብሎ ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ።

ጉሙ እስኪገፈፍ እዚያው መኪናው ውስጥ ተቀመጥን። የሚያሳፍር ነገር ካያችሁ ከዚህ የበለጠ አላያችሁም፤ እምቢ የተባልንበት በር ላይ ቆመን የምንሄድበትን ብርሃን እንጠብቃለን። ስንመለስ ሦስቱ ዝም ያሉት እስከ ደራ ብቻ ነው።

«ከባትሪው ብቻ ቢሆን ኖሮ...» አሉ ጋሼ።

«ፍሬቻው ምንም አላደረገም፤ ክላክሱ ነው» አሉ ሻምበል።

«ጉድጓዱ ነው!» አሉ ኦቦ ቱፋ።

እኔ ነዳሁ። ስንደርስ የመኪናውን ቁልፍ ሰጥቻቸው ወደ ክፍሌ ገባሁና ግጥም ለመጻፍ ተቀመጥኩ። አልመጣልኝም። የድሮዎቹን አወጣኋቸው። አነበብኳቸው። ከአንዱ ገጣሚ ታላቅ ሐሳብ፣ ከሌላው ታላቅ ቁጣ፣ ከሦስተኛው ታላቅ ቃል ተወስዶ አንድ ላይ በፕላስተር የተጠቀለሉ ናቸው። በየስንኙ ጢጥ ይላል። ምን ፈልገህ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ተረት ጨርሼ ምክር ልሰጣችሁ አይደለም። እኔንም በምክር ነው የጨረሱኝ። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ እኛ አገር ኮፈን ሲከፈት ስንት ሰው ይሰበሰባል? ከተሰበሰበው ውስጥ «አላውቅም» ሲል የሰማችሁት አለ? እኔ አልሰማሁም። መኪናውን፣ ትዳሩን፣ የአገሩን ጉዳይ ሁሉም ያውቀዋል። ስለማያውቀው ነገር ደግሞ ይታረቃል።

በዚያ ክረምት አንድ ቀን ማንንም ሳልነግር ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ በእኩለ ቀን፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ ኢተያ ወረድኩ። ኦቦ ነገዎ የአጥር እንጨት ያስተካክላሉ።

«ሽማግሌዎችህስ?»

«ዛሬ እኔ ነኝ የምናገረው። ብሩክ እባላለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ከግጥም የማገኘው ገንዘብ የለም። ስለ መኪና አላውቅም። ያን ቀን ፈርቼ ነው የተደበቅሁት።»

እንጨቱን ወደ መሬት መቱት።

«መኪናውን ማን ሠራው?»

«ገና አልተሠራም። እየተከራከሩ ነው።»

ሳቁ። መሳቅ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። መዶሻውን አስቀምጠው «በመስከረም ይምጡ። አንተም ግባ፣ ወንበር ላይ ተቀመጥ» አሉ።

በመስከረም ሦስቱም በሕዝብ ትራንስፖርት መጡ። ጋሼ ረጅሙን ንግግራቸውን ጀመሩ፤ ኦቦ ነገዎ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው።

«እኔን ሁለት ጊዜ ጠየቃችሁኝ። እሷን የጠየቃት አለ?»

ጋሼ ወደ ሻምበል አዩ። ሻምበል ወደ ኦቦ ቱፋ አዩ። ኦቦ ቱፋ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሽምግልናቸው ውስጥ ለልጅቷ የሚባል ቃል አልተሰናዳም።

ጋሼ እስከ ዛሬ በየሠርጉ «በእኛ ሽምግልና የተገኘች ልጅ» እያሉ ያስተዋውቋታል፤ እኔም ለሰው ፊት ብዬ አልከራከራቸውም። እናንተ ግን እወቁት። ያን ዕለት ከወንበሬ ተነሳሁና በሩ ላይ ቆማ የምትሰማንን ልጅ ጠየቅኋት። ሌንሴ ሁላችንንም እስኪጨንቀን ድረስ አሰበችበት። ከዚያ እሺ አለች።